ሀረገወይን የሳቀችበት ፊልም

«ተሰባሪ ዕቃ» የተባለውን ፊልም ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ሰዎች ስለሰደቡት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሰዎች ስላወደሱት። ሁለቱንም ጊዜ ያገኘሁት ያንኑ ነው። ሁለት ሥራ ፈት ጎረምሶች ከዓረብ አገር በሚመጣ የሬሳ ሳጥን ውስጥ ወርቅ ተደብቋል የሚል ወሬ ይሰማሉ። ሳጥኑን ከአውሮፕላን ማረፊያው ዕቃ ክፍል ይሰርቃሉ። የሰረቁት ግን እውነተኛ ሟች ያለችበትን ነው። የሟቿ ቤተሰብ ወርቅና የኮንትሮባንድ ስልክ የታጨቀበትን ሳጥን ተረክቦ፣ ደረቱን እየመታ ሊቀብር ይሄዳል። ሌቦቹ ሬሳዋን በላዳ ታክሲ ጭነው አዲስ አበባን ሲዞሩ ሁለት ሰዓት ያልቃል። ወንጀልም ነው፣ ቀልድም ነው። አዋቂዎቹ «ጥቁር ቀልድ» ይሉታል። ጥቁርነቱን እኔም አይቻለሁ፤ አብዛኛው የመብራት ችግር ነው።

ፊልሙ በኢንተርኔት የተለቀቀው በ2013 ዓ.ም. ሁዳዴ ውስጥ ነበር። በሦስተኛው ቀን አገር ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ተቺ «ሞትን ፊት ለፊት የተጋፈጠ ድፍረት» ብሎ ጻፈ። ሞትን በላዳ ታክሲ መጋፈጥ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አላውቅም። ሌላው «የሕዝባችንን እንባ የረገጠ» አለ፤ እሱ ደግሞ ፊልሙን እስከ መጨረሻው እንዳላየው በኩራት ይናገር ነበር። ደራሲው በቃለ ምልልስ ቀርቦ ዓላማዬ ማስተማር ነው አለ። ምን እንደሚያስተምር ሲጠየቅ «እሱን ተመልካቹ ይፍረድ» ብሎ መለሰ። ተማሪው ራሱን ያስተምር ማለቱ ነው። እንዲህ ዓይነት መምህራን እኔም ነበሩኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ።

ከነዚህ ሁሉ ተናጋሪዎች አንድም ሰው ከዓረብ አገር የሬሳ ሳጥን ልኮ አያውቅም። ሀረገወይን ታውቃለች። ስለዚህ የምጽፈው ስለ ፊልሙ ሳይሆን ስለ እሷ ነው።

ሀረገወይን የደጀን ሰው ናት። ኩዌት ከገባች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ የገባችው ሙባረክ አል-ከቢር የሚባል ሰፈር፣ ሰባት ልጆች ያሉበት ቤት ነው። ልጆቹን አጥባ፣ አብልታ፣ ለአቅመ ትምህርት ቤት አድርሳ ወጣች። የመጨረሻው ልጅ ዛሬ ፂም አብቅሏል፤ መንገድ ላይ ቢያገኛት አያውቃትም። አሁን ቁርጡባ ውስጥ ለአንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ትሠራለች። ማዳሟ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ልቧ ደህና ነው፤ አርብ አርብ ለአምስት ሰዓት ትለቃታለች። ሀረገወይን አጭር፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት። ደረጃ ስትወጣ ሳቋ ቀድሟት ነው በር የሚያንኳኳው። አለቦታው ትስቃለች የሚሏትም አሉ። እነሱ ያለቅሱ የነበረበት ቦታ የት እንደነበረ ግን እኔ አውቃለሁ።

የዛሬ አሥር ዓመት ግድም አንዲት ልጅ ኸይጣን በሚባል ሰፈር በተከራየችው ክፍል ሞተች። አሥራ አምስት ሴቶች የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ። አስከሬኗ ታጥቦና ተገንዞ ወደ ሳጥን መግባት አለበት፤ ገብቶ የሚያጥባት ግን ጠፋ። ሀረገወይን የአክስቷ ልጅ አይደለችም፣ ጓደኛዋም አልነበረችም። ተነስታ «ውሃው ሙቅ ነው?» ብላ ጠየቀች አሉ። ደጀን ሳለች አክስቷ ሬሳ ስትገንዝ ውሃ የምታቀብል እሷ ነበረች። ገባች። ሁለት ሰዓት ቆይታ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ከተማ አንዲት የኛ ሴት ስትሞት የሚደወለው ለሀረገወይን ነው። ማዳሟም ለምዳዋለች። «ደግሞ ሞተች?» ትላለች፤ ቀጥላ «ያላ፣ ሩሒ» ብላ በእጇ ወደ በሩ ታመለክታለች።

አሠራሯ የራሷ ነው። የሟቿን ገላ ታጥባለች፤ የእጇን ሁለት አውራ ጣቶች፣ ከዚያ የእግሯን አውራ ጣቶች በነጭ ክር ታስራለች፤ ነጠላ ታለብሳለች። እስከዚህ ድረስ ማንም የሚያደርገው ነው። ሀረገወይን ከዚያ በፊት የሟቿን ጸጉር ትሠራለች። ማበጠሪያና ቅባት ይዛ ነው የምትገባው። ሳጥኑ በቆርቆሮ ስለሚታሸግ አገር ቤት ደርሶ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም።

«ማን ሊያየው ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«እናቷ» አለችኝ።

«እናቷማ አታይም።»

«እነግራታለሁ እንጂ ጋሼ።»

እውነትም በዚያው ቀን ለሟቿ እናት ትደውላለች። ስለ በሽታው፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ አሠሪዎቹ ሌላው ይናገር። እሷ የምትናገረው ስለ ጸጉሩ ነው። «ቁንዳላ አድርጌ ወደ ኋላ ለቀቅኩላት»፣ «ጥቅጥቅ ያለ ሹሩባ ነው፣ ግንባሯ ላይ ቀጭን አድርጌዋለሁ።» እናትየው ያንን ሰምታ ነው የምታለቅሰው። የት እንደሆነ በማታውቀው አገር አንዲት ሴት የልጇን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ እንደነበረ ታውቃለች። በአሥር ዓመት ውስጥ ሃያ ስድስት ሴቶች እንዲህ ተሸኙ። እኔ ኸይጣን ውስጥ በአንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ጠረጴዛ አለኝ፤ የዓረብኛውን ወረቀት ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። የሃያ ስድስቱንም የሞት ወረቀት የተረጎምኩት እኔ ስለሆንኩ ቁጥሩን አልስተውም።

ሃያ ሰባተኛዋ ዮዲት ነበረች። የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ሙባረክ አል-ከቢር የምትሠራ፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ። በ2012 ሰኔ፣ ኸይጣን በአጥርና በሾህ ሽቦ ተከብባ በነበረበት ሰሞን፣ ልቧ ቆሞ ሞተች። ኮሮና አልነበረባትም፤ በዚያን ጊዜ ግን በምንም ይሙት በምን ሬሳ አጠገብ የሚያደርስ አልነበረም። ሀረገወይን መንገዱ እንደተከፈተ ነጠላውን፣ ጥጡን፣ ክሩንና ማበጠሪያውን ይዛ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። የአስከሬን ክፍሉ ጠባቂ ሙሐመድሰዒድ የሚባል ሱዳናዊ ነው፤ ለዓመታት ያውቃታል። በጓንት እጁ ጥቅሉን ተቀበላትና በሩን በጀርባው ዘጋ።

«መምኑዕ» አላት። ክልክል ነው።

«ጸጉሯን ብቻ።»

«መምኑዕ፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ። እኔንም ውስጥ አያስገቡኝም።»

ሳጥኑ ሐምሌ ላይ በዕቃ አውሮፕላን ሄደ። ወረቀቱን ተረጎምኩ፤ «የታሸገ፣ እንዳይከፈት» ይላል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሀረገወይን እኔ ጋ ቁጭ ብላ ሳለች ስልኳ ጮኸ። የዮዲት እናት ናቸው፣ እማማ የሺሐረግ።

«ማን አጠባት?» አሉ፤ ሌላ ሰላምታም አልነበረም።

ሀረገወይን እኔን አየችኝ። እኔ ወረቀቴን አየሁ።

«እኔ ነኝ እማ። በእጄ።»

«ጸጉሯስ? ጸጉር ትሠራለች ብለውኛል።»

«ሹሩባ ሠራኋት። ጥቅጥቅ አድርጌ፣ ወደ ኋላ።»

ስልኩን ስትዘጋ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ውሸት ነፍስ ለማዳንም ቢሆን አይፈቀድም ብለው አስተምረውናል። ያስተማሩን ሰው የሟች እናት ደውላላቸው የምታውቅ አይመስለኝም። እኔ ግን ዝም ያልኩት አስቤበት አይደለም፤ ውሸቱ ሥራዬን ስላቀለለልኝ ነው፤ «እንዳይከፈት» የሚለውን ለእናቲቱ ማስረዳት ቀረልኝ።

እንግዲህ ፊልሙ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አርብ ቀን ኤልሳ ቤት ተሰበሰብን። ኤልሳ ኸይጣን ውስጥ በአንድ የሴቶች ጸጉር ቤት ትሠራለች፤ ያኔ ጸጉር ቤቶች በኮሮና ተዘግተው ነበርና ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነበረች። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ደጅ መውጣት የሚከለክለው ሐዝር ስላለ ሁሉም ነገር በጊዜ ነው። ምሳ የሽሮ ፍትፍት በላን። ኤልሳ ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታ ፊልሙን ከፈተችው። የማርያም ማኅበር ሰብሳቢ የሆነችው አዳነች ገና ስሙ ሲነበብ ተነሳች።

«በሁዳዴ? በሬሳ ልትስቁ?»

«እትዬ አዳነች፣ ፊልሙ እኮ የጾም ነው» አለች ኤልሳ፤ «ሥጋ የለበትም።»

«ከሬሳው በቀር» አለች ሀረገወይን።

አዳነች አማተበች፤ ግን አልወጣችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ በዓይኗ ጠርዝ እያየች ተቀመጠች። እስከ መጨረሻው እንዲሁ አየችው። በኋላ «ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ» ስትል ሰምቻለሁ። አንገቷን ያመማት ለምን እንደሆነ ታዲያ ለማን ነገረች?

ፊልሙ ውስጥ ሁሉም የሚያወራለት አንድ ቦታ አለ። ቀብር ላይ፣ አስለቃሿ ግጥም እየደረደረች ሳለ፣ ሳጥኑ ውስጥ ስልክ ይጮኻል። ልቅሶው ቀጥ ይላል። ስልኩ ይጮኻል። የሟቿ አጎት በመጨረሻ «ኧረ አንሱላት» ይላል። ይሄ ነው እንግዲህ ድፍረት የተባለው። እኔ ፈገግ አላልኩም። ሀረገወይን ግን ሶፋው ላይ ወደቀች። እንባዋ ፈሰሰ፤ ሻሿ ተፈታ፤ በመዳፏ ጉልበቷን ትመታለች።

አዳነች ዞረች። «አንቺ! አንቺ እንኳ! በእጅሽ ስንት ሬሳ ያለፈ ሴት!»

«ለእሱ እኮ ነው» አለች ሀረገወይን ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ያቺን የኸይጣኗን የመጀመሪያዋን ሳጥብ፣ ከልብሷ ጋር በፌስታል ያስቀመጡት ስልኳ ጮኸ። አነሳሁት። ማዳሟ ናት። የሩዙን ድስት ክዳን የት አደረግሽው ትላለች።»

«በስመ አብ!»

«ሞታለች ማዳም አልኳት። ዝም አለች፣ ዝም አለች። ከዚያ ‹እሺ፣ ክዳኑስ?› አለችኝ።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አዳነች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። እኔም ሳቅኩ። በፊልሙ አልነበረም።

ከዚያ የተለመደው ሆነ። አዳነች ለማኅበሩ የድምፅ መልእክት ላከች፤ ፊልሙን ያየች ሴት ንስሐ ትግባ አለች። ኤልሳ በስልኳ የሳቅ ምስል ደርድራ መለሰችላት። አንዷ «በሳጥን የምንመለሰው እኛ፣ የሚስቁት እነሱ» ብላ ጻፈች። ሌላዋ «ቢያንስ ሌባዎቹን እንጂ እኛን አላዋረደም» አለች። ሁለት ሴቶች ከማኅበሩ የስልክ ቡድን ወጡ፤ አንደኛዋ በማግስቱ ተመለሰች፤ ለምን እንደወጣችም ረሳችው። ሰው ፊልም ሲያይ ስለ ፊልሙ የሚከራከር ይመስለዋል። የሚከራከረው ማን የተሻለ ሰው እንደሆነ ነው። በዚህ ክርክር ውስጥ ደግሞ ያሸነፈ ሰው አይቼ አላውቅም።

በሳምንቱ ሀረገወይን ጠረጴዛዬ ፊት መጥታ ቆመች። ሁለት ማስክ ደርባለች፤ ዓይኗን ብቻ ነው ያየሁት፤ አልሳቀችም። ስልኳን ሰጠችኝ። የዮዲት ወንድም ወንድዬ የላከው የድምፅ መልእክት ነው።

«እትዬ ሀረግ፣ እንደምን አለሽ። ይሄ ፊልም የሚሉት ደብረ ብርሃን ደርሷል። የጎረቤት ሴትዮ ለእማዬ ‹የአንቺስ ሳጥን ተከፍቶ ታይቷል ወይ?› አለቻት። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። ሳጥኑን አልከፈትንም፤ ወረቀቱ አትክፈቱ ስላለ፣ ሰዉም በሽታ ስለፈራ። እኔ ግን አንድ ነገር ነበረኝ፣ ይዤው የኖርኩት። አንቺ ሹሩባ ሠራኋት ብለሻል። ዮዲት ተላጭታ ነበር። ፎቶውን ልኬልሻለሁ። ታዲያ አንቺ ሹሩባ የሠራሽው ማንን ነው? እኛስ የቀበርነው ማንን ነው?»

ፎቶው ላይ ዮዲት ማእድ ቤት ውስጥ ቆማ ትስቃለች። ራሷ ተላጭቶ እንደ እንቁላል ነው። ከመሞቷ አምስት ቀን በፊት ለወንድዬ የላከችው ነው። ለምን እንደተላጨች አልጻፈችም፤ «ለእማዬ እንዳታሳይ፣ ሐዘን ይመስላታል» ብላለች። ወንድዬም ፎቶውን የደበቀው አለምክንያት አይደለም። ሴት ልጅ የምትላጨው ሲሞትባት ነው፤ እናት ይህን ፎቶ ካየች ልጄ ሞቷን አውቃ ተላጨች ትላለች። ከሁለተኛው መልእክት ደግሞ ዋናውን ሰማን፤ ከአጎቶቹና ከደብሩ አለቃ ጋር ተነጋግረዋል፤ በሚመጣው ማክሰኞ መቃብሩ ይከፈታል።

አርብ ኤልሳ ቤት ምክር ተያዘ። ምክር ስል ጫጫታ ማለቴ ነው።

«ዊግ ነበር በያቸው» አለች ኤልሳ። «ራሷ ላይ ዊግ አድርጌ፣ ዊጉን ሹሩባ ሠራሁት በይ። እኛ ቤት በቀን አሥር ነው የሚሠራው።»

«ሬሳ ላይ ዊግ?» አለች ሀረገወይን።

«ከተላጨች ሬሳ ላይ ሹሩባ አይሻልም?»

አዳነች እጇን አነሳች። ፊልሙን የኮነነችው፣ ንስሐ ግቡ ያለችው አዳነች ናት። «ዝም በይ። ስልኩንም አታንሺ። ቢቆፍሩም ተላጭታ ያገኟታል፤ ያውቋታል፤ ያልቃል።»

«ዓመት ሊሞላት ነው እኮ እትዬ» አለች ኤልሳ። « ምኗን ነው የሚያውቁት?»

አዳነች ወደ ሀረገወይን ዞረች።

«ስሚ» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ያላጠብሻትን አጠብኩ ብለሽ ብትናገሪ፣ ለአንዷ አይደለም የምትናገሪው። ወሬው ይሄዳል። ሃያ ስድስቱ እናቶች ሁሉ ስልክ ያነሳሉ። የእኔስ ልጅ ይላሉ። የማኅበሩ ስም ይጠፋል። ከእንግዲህ የትኛዋ እናት ታምነናለች? በኋላ ንስሐ ትገቢያለሽ፣ አሁን ግን ዝም በይ።»

በሳቅ የተቆጣች ሴት በውሸት ስትመክር ሰምቼ ብዙ አልገረመኝም። ክፋቱ ግን እዚህ ነበር፤ የተናገረችው ትክክል ነበር። አንድ ውሸት ሃያ ስድስት እውነቶችን ይዞ ይወድቃል። ሀረገወይን በዚህ ከተማ ያላት ነገር ያ ብቻ ነው። ልጅ የላትም፤ ቤት አልሠራችም፤ ደጀን ከሄደች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ያላት ነገር ሃያ ስድስት እናቶች የሚያምኗት መሆኑ ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለችኝ።

የተማረ ሰው ሁልጊዜ ወረቀት አለው። ዮዲት ስትሞት ማንነቷ በ‹በስማ› ማለትም በጣት አሻራዋ እንደተረጋገጠ ወረቀቱ ላይ ሰፍሯል፤ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ሳጥን የተለዋወጠ አይመስለኝም። ይህን ነገርኳት።

«እሱን እርስዎ ይንገሯቸው» አለች። «የኔን እኔ እነግራቸዋለሁ። ዮዲትን ከሚቆፍሯት እኔን ይስደቡኝ።»

አዳነች ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ኤልሳ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ደወለች። ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው። ወንድዬ አነሳና ለእናቱ ሰጣቸው። ሀረገወይን ቆማ ነው የተናገረችው፤ ሰው እቢሮ ገብቶ እንደሚናገር።

«እማ፣ ዮዲትን አላጠብኳትም። አላየኋትምም። በሩ ላይ ከለከሉኝ። ነጠላውን ሰጥቼ ተመለስኩ።»



«ታዲያ ማን አጠባት?»

«አላውቅም እማ።»

«ነጠላውንስ አለበሷት?»

«አላውቅም።»

እኔ ገባሁበት። ስሜን ነገርኳቸው፤ ስለ አሻራው፣ ስለ ማኅተሙ፣ ስለ ቁጥሩ አስረዳሁ። ጥሩ አድርጌ አስረዳሁ። አዳምጠው ሲጨርሱ «ወረቀት ነው?» አሉኝ።

«ወረቀት ነው እናቴ።»

«ስትሄድም ጤነኛ ናት የሚል ወረቀት ነበራት፣ ጌታዬ። ማኅተም ነበረው።»



«ለምን ተላጨች?» አሉ፤ እኔን ሳይሆን ሀረገወይንን ነው። መላጨቷን ወንድዬ ነግሯቸዋል ማለት ነው። ሀረገወይን አፏን ከፈተች። ሙቀቱ ነው ማለት ትችል ነበር። ሁላችንም በልባችን ሙቀቱ ነው በይ እያልናት ነበር።

«አላውቅም እማ።»

ከጀርባ ወንድዬ «ማክሰኞ ይከፈታል፣ አለቀ!» ሲል ይሰማል። ሌሎች ወንዶችም ያጉረመርማሉ። እማማ የሺሐረግ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ለእሱ ነው የሚናገሩት፤ እኛም ሰማን።

«አትቆፍሩም። ዮዲት ከሆነች ትረፍበት። ሌላ ከሆነችም የሰው ልጅ ናት። ስምንት ወር ያለቀስኩላትን አውጥቼ የት ልጥላት ነው? እናቷን ታውቋታላችሁ?»

ወንዶቹ ጸጥ አሉ። ከዚያ እማማ የሺሐረግ ወደ ስልኩ ተመለሱ።

«አንቺ ልጄ፣ ስለ ሹሩባው እግዜር ይይልሽ። በተዝካሯ ቀን ያንን ሹሩባ እያነሳሁ ነው ያለቀስኩት፤ አገር ሰምቶኛል። አሁን ምን ብዬ ላልቅስ?»

ስልኩ ተዘጋ። ኤልሳ አለቀሰች። ሀረገወይን አላለቀሰችም፤ ሻሿን አስተካክላ፣ ማስኳን ደርባ፣ ሐዝሩ ሳይደርስባት ወደ ቁርጡባ ሄደች።

አዳነች ያለችው ሆነ። ከፋሲካ በፊት ወሬው ከደብረ ብርሃን ደሴ፣ ከደሴ ጅማ ደረሰ። እሑድ ማኅበሩ በስልክ ተሰብስቦ ከእንግዲህ ለቤተሰብ የምትደውለው አዳነች እንድትሆን ወሰነ። አዳነች የሐዘን መግለጫ በወረቀት አዘጋጀች፤ አንብባልኛለች፤ ሁለት ጊዜ «ጥልቅ ሐዘን» ይላል፤ ስለ ማንም ሊነበብ ይችላል። ማኅበሩ ውሳኔውን ለእናቶቹ መናገር ግን ረሳ። እናቶቹ የሚያውቁት የሀረገወይንን ስልክ ነው።

መደወል ጀመሩ። አንዳንዶቹ ሲደውሉ እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ጥያቄው አንድ ነው፤ «የኔዋንስ?»

የመጀመሪያዋ የጅማ ሴት ነበሩ፤ ልጃቸው ከሞተች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ሀረገወይን ዓይኗን ጨፈነች። «ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ ጠባሳ ነበራት እማ። ማበጠሪያው ነክቶት ነው ያወቅኩት።» ሴትዮዋ ወዲያው ጮኹ፤ ከአህያ ላይ ወድቃ ነው፣ ስድስት ዓመቷ ነበር። የሌላዋ ግንባሯ ላይ ሁለት ሽበት ነበር፤ በሃያ አራት ዓመቷ። የሌላዋ አናት ላይ ጸጉሯ ክብ ሠርቶ ይበቅል ነበር፤ አልገዛም ብሏት ሦስት ጊዜ ፈታ ሠራችው። እኔ ሃያ ስድስት ወረቀት ተርጉሜ የአንዲቷንም ፊት አላስታውስም። እሷ ራሶቻቸውን ታስታውሳለች። አሥር እናቶች እንዲህ ደወሉ፤ አሥሩም አልቅሰው፣ አንዳንዶቹም መርቀው ዘጉ። «ደራሲው ይህን ቢሰማ?» አለችኝ ኤልሳ አንድ ቀን። ቢሰማማ ሁለተኛውን ክፍል ይሠራበት ነበር አልኳት።

አሥራ አንደኛዋ የወልድያ ሴት ነበሩ። ድምፃቸው ደካማ ነው፤ ልጃቸውን በስሟ ጠሩ፤ ዓመቱን ነገሩ። ሀረገወይን ዓይኗን ጨፈነች።  ግንባሯን በጣቷ ነካካች። ለማልቀስ ዳር ዳር ስትል መጀመሪያ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። አንድ ጠባሳ፣ አንድ ሽበት መፍጠር ምን ነበረበት? ማን ያውቃል? ሁለት ራስ ብታቀላቅል ማን ይጠይቃታል?

«ሠርቻታለሁ እማ» አለች። «ግን አላስታውሳትም። ያንን ዓመት አራት ነበሩ። አንዷን ከአንዷ መለየት አቃተኝ።»

ሴትዮዋ የዘጉ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልተዘጋም።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «አላስታውሳትም ካልሽኝማ ሠርተሻታል።»